በእግሩ የወጣ አይብ

የአጎቴ የፊርመን ትከሻ ጥር ላይ በረዶ አንሸራቶት ከወለቀ ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ለትከሻው አዝነን ግን አይደለም። በግንቦት መጨረሻ ላሞቻችን አበባና ቃጭል አጥልቀው ወደ ኦብራክ አምባ በሚወጡበት ቀን አሊጎውን የሚስበው እሱ ነበር፤ አሁን ማን ይሳበው? አሊጎ የድንች ምግብ ነው። ድንቹ ተቀቅሎ ይደቆሳል፣ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ይታሻል፣ ከዚያ ቶም የምንለው ለጋ አይብ ይገባበትና ማማሰያው ሲነሳ እንደ ጥጥ ፈትል ወደ ላይ ይሳባል። ካልተሳበ አሊጎ አይደለም፤ ጥርስ ላላወጣ ልጅ የሚሰጥ ነገር ነው።

በፋሲካ ምሳ ላይ አጎቴ ብርጭቆውን በግራ እጁ አነሳ።

«ዘንድሮ እኔ አልስብም» አለ። «የሚስብልኝ ሰው የቡሮኗን ቁልፍ ይወስዳል። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ለሁልጊዜ።»

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ቡሮን የምንላት አምባው ላይ ብቻዋን የቆመችው የድንጋይ ቤት ናት፤ ድሮ እረኞች በጋውን ከርመው አይብ ይሠሩባት ነበር። ምድጃዋ ውስጥ ሰው ሳያጎነብስ ይቆማል። የእኔ ሥራ ደግሞ ሰው ማስጓዝ ነው። ከከተማ የሚመጡትን ከሎት ወንዝ ሸለቆ አንስቼ፣ በየመንደሩ ያገሩን እያበላሁ፣ አምባው ድረስ በእግር አወጣቸዋለሁ። መንገዱን ማንም አላሳየኝም። ካርታ ገዝቼ፣ የአበባውን ስም ከመጽሐፍ ለቅሜ፣ ቀሪውን በእግሬ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። የጎደለኝ ጣሪያ ብቻ ነበር። ባለፈው በጋ አምባው ላይ ዝናብ ያዘንና እንግዶቼን የራሰ ዳቦ አበላኋቸው። ጣሪያ የሌለው አስጎብኚ የሰው ተቀጣሪ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ መታዘዝ አልሆነልኝም።

«የሚስበውማ የታወቀ ነው» አለ ጊየም፣ የሌላው አጎቴ ልጅ። ክንዱ የበር መቃን ያክላል፤ እሱም ያውቀዋል፣ በብርድም እጅጌውን ይጠቀልላል። ቡሮኗን ለሠርግ ሊያከራያት እንደሚፈልግ አገር ሰምቷል።

«ማን ነው የታወቀው?» አልኩት።

«ማይሊስ፣ የኔ እህት፣ አንቺ የምትሠሪው በእግርሽ ነው። አሊጎ በእግር አይሳብም።»

«በጡንቻም ቢሆን ኖሮ በሬ ወጥ ቤት ይገባ ነበር።»

አክስቴ በናፕኪን አፏን ሸፈነች። አጎቴ ፊርመን ግን አልሳቀም። «ሁለታችሁም ሞክሩ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ። ቶም በእግሩ ነው የሚወጣው። በመኪና የወጣ አይብ አገሩን አያውቀውም።»

ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አጎቴ በየዓመቱ አይቡን ከሸለቆው በጀርባው አዝሎ ይወጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ጊየም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እኔም ምናልባት በመኪና እልከው ነበር።

ላሞቹ ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አሥር መንገደኞቼን ይዤ ሸለቆው ውስጥ ማዳም ካይሩዝ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። ማዳም ካይሩዝ አይብ የሚጨምቁ አሮጊት ናቸው፤ እጃቸው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ምላሳቸው ሁልጊዜ ትኩስ ነው። በዋዜማው ማታ የጨመቁትን ቶም በእርጥብ ተልባ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። የዓመት ልጅ ያክላል።

«ጀርባሽ ይችለዋል?» አሉኝ።

«ጀርባዬ ቱሪስት ችሏል።»

«አይብ ግን አፍ የለውም፤ ሲደክመው አይነግርሽም። ፀሐይ አታስመቺው፣ ደግሞም አታሳቅቂው።»

«ማሳቀቅ ምንድነው?»

«መሸከም ጀምሪና ይገባሻል።»

መንገደኞቼ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከእነሱ መሐል ሁለቱን ማስተዋወቅ ይበቃኛል፤ ሌሎቹ ስምንቱ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ጥሩ ሰው ደግሞ ብዙ አያስወራም። አንደኛው ዊልፍሪድ ነው፤ ከቤልጅየም የመጣ የትራም ሹፌር፣ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ሲጓዝ ኖሮ አሁን እግር እንዳለው ያወቀ። ሁለተኛዋ ማዳም ኮስትሬል ናቸው፤ የፓሪስ ጡረተኛ ፋርማሲስት፣ ነገርን ሁሉ መጀመሪያ በአፍንጫቸው የሚመረምሩ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ እያለን አለቀ። በዛፎቹ ጥላ ስር ወጣን፣ ወንዝ ዳር ተቀምጠን የደረቀ የአሳማ እግር በዳቦ በላን፣ ዊልፍሪድ ጫማውን አውልቆ ውሃ ውስጥ ገባና ቀዝቃዛው ሲይዘው በገዛ ቋንቋው ተሳደበ። ማታ ማረፊያው ቤት የጎመን ሾርባ ቀረበ። እኔ ሾርባዬ ሊያልቅ ሲል ወይን ጠጅ ጨመርኩበትና ሳህኑን በሁለት እጄ አንስቼ ጠጣሁት፤ በእኛ አገር ሳህን የሚታጠበው እንዲህ ነው።

ማዳም ኮስትሬል ማንኪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ልጄ፣ ይሄ ጤና ነው?»

«አያቴ እስከ ዘጠና ዓመታቸው ጠጥተውታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ፤ ሾርባው።»

ዊልፍሪድ ወዲያው የራሱ ሾርባ ላይ ወይን አፈሰሰበት። ማዳም ኮስትሬል ዙሪያቸውን ቃኙ፣ የሚያውቃቸው ሰው እንደሌለ አረጋገጡ፣ ጨመሩ፣ ጠጡ። አገጫቸው ላይ ቀይ መስመር እየወረደ፣ «ለሳይንስ ያህል ነው» አሉ።

በማግስቱ ሙቀት መጣ። ከዛፎቹ ጥላ ወጥተን ገላጣው ዳገት ላይ ስንደርስ ነፋስ ጠፋ፤ ጀርባዬ በላብ ራሰ፣ አይቡም ከጀርባዬ ጋር ይተነፍስ ጀመር። መጀመሪያ እንደ እርጎ ሸተተ። ቀጥሎ እንደ ትናንት እርጎ። እኩለ ቀን ላይ ዝንቦች ሌላ አስጎብኚያቸውን ትተው እኔን የመረጡ ይመስል ከኋላዬ ተሰለፉ።

«ማይሊስ» አሉ ማዳም ኮስትሬል፣ «ከፊት መሄድሽ ግድ ነው?»

«አስጎብኚ ከፊት ነው የሚሄደው።»

«ሽታውም ከፊት ነው የሚመጣው።»

መስቀለኛው መንገድ ላይ የጊየም ፒካፕ ቆሞ ጠበቀን። እሱ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ አንድ እግሩን በመስኮት አውጥቶ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ ይበላል። ኋላ ላይ ትልቅ የበረዶ ሳጥን ጭኗል።

«ሽታሽ ቀድሞሽ ደረሰ» አለኝ። «ስጪኝ፣ እዚህ ውስጥ ልክተተው። ምናለበት? ለሽማግሌው አልነግርም።»

ሳጥኑን ከፈተው። ብርዱ ፊቴ ላይ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር እግሬ አንድ እርምጃ ሄደ። ከኋላዬም ጉርምርምታ ተነሳ።

«ይስጡት፣ እባክዎ» አለ አንዱ ከጥሩዎቹ። «አይብ በሙቀት ይበላሻል፤ ልጅም ያውቀዋል።»

«የባለሙያ ቃል ልስጥ?» አሉ ማዳም ኮስትሬል። «ይሄ ነገር ፍሪጅ ይፈልጋል።»

ጊየም ሐብሐቡን ፈገግ ብሎ ገመጠ። ዘሩን እግራችን ሥር ተፋ። ያ ፈገግታ በፋሲካው ዕለት ያየሁት ነው፤ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ።

«የአንተስ ቶም የት አለ?» አልኩት።

«የኔ ገና አልተሠራም። ለበዓሉ ቀን ትኩሱን ነው የማመጣው። ሲጨመቅ በበረዶ አድርጌ፣ በማግስቱ ድስት ውስጥ። ሰው እንግዳ ሲጠራ ያደረ ያቀርባል እንዴ?»

«እንግዲያው ሂድና ትኩስህን አምጣ። የኔ በእግሩ ይመጣል።»

«አንቺ ግትር!»

«አንተ ሹፌር።»

ዊልፍሪድ ሹፌር በሚለው ስድብ ትንሽ ተከፋ መሰለኝ፤ ፒካፑ አቧራ አንስቶ ሲሄድ ግን ወደ እኔ መጣና ማሰሪያውን ከትከሻዬ ላይ ፈታ። «በተራ እንሸከመዋለን» አለ። «እኔ ሰው ሳሳፍር ነው የኖርኩት፤ ዛሬ አይብ ላሳፍር።» ከእሱ በኋላ ሌላው ወሰደ፣ ከዚያም ሌላው። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ማዳም ኮስትሬል ዝም ብለው ቆሙና ጀርባቸውን አዞሩልኝ።

«ፍሪጅ ይፈልጋል ብለዋል እኮ» አልኳቸው።

«ብያለሁ። ያ ልጅ ግን ዘሩን እግሬ ላይ ነው የተፋው። አሳዝዪኝ።»

ማታ ጨርቁን ገለጥኩት። አይቡ ነጭነቱን ጥሎ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ አብጧል፤ ጎኑን ስጫነው እንደ ተኛ ሰው ጉንጭ ገባ አለና ቀስ ብሎ ተመለሰ። መሐሉ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አውጥቷል። ሽታው ይኮመጥጣል። ለአጎቴ ልደውል ስልኬን አነሳሁ፤ «አይቤ ተበላሸ መሰለኝ» ብዬ የምጀምረውን ዓረፍተ ነገር ግን አፌ እምቢ አለ። ይህን የሚል ሰው ቁልፉን በገዛ እጁ ለጊየም ሰጠ ማለት ነው። መልሼ ጠቀለልኩት።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ያነቃን ቃጭል ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ ሸለቆው ራሱ ተነስቶ የሚራመድ ይመስላል። ሮጠን ወጣን። መንጋችን መንደሩን ሰንጥቆ እየመጣ ነው፤ ቀያይ ላሞች፣ ዓይናቸው የተኳለ፣ ቀንዳቸው መሐል ጥድና የወረቀት አበባ፣ አንገታቸው ላይ የድስት ያህል ደወል። ከሁሉ ፊት መሪዋ ማርኪዝ ትሄዳለች፤ ራሷ ላይ የአበባ ዘውድ፣ ጀርባዋ ላይ ባንዲራ፣ ፊቷ ላይ ደግሞ «እናንተ ደግሞ ማናችሁ» የሚል ንቀት።

«ማርኪዝን ማንም አይቀድምም» አልኳቸው ሰዎቼን። «ብትቆም እንቆማለን። ብትሮጥ እንሮጣለን።»

«ብትተኛስ?» አለ ዊልፍሪድ።

«ተኝተን እንጠብቃታለን።»

ሮጠች። ከመንደሩ እንደወጣን የአምባው ሣር ሸተታት መሰለኝ አንገቷን አስግጋ ፈረጠጠች፤ ከኋላዋ መንጋው፣ ከመንጋው ኋላ እኛ፣ ከእኛ ጀርባ ላይ አይቡ። ጉሙ ውስጥ ገባን። ፊት ለፊቴ የማየው የላም ጭራ ብቻ ነበር፤ የማርኪዝን ደወል በጆሮዬ ይዤ ነው የሮጥኩት። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ያነሳዋል፣ ማዳም ኮስትሬል ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው እንደ ተማሪ ልጅ እየሳቁ ያልፉኛል። በድንጋይ ካቦቹ መሐል ወጥተን ድንገት ከጉሙ በላይ ብቅ ስንል አምባው ወለል አለ፤ እስከ ሰማይ ጥግ ነጭ የናርሲስ አበባ፣ ነፋሱ አንዴ ሲያስተኛው አንዴ ሲያስነሳው። ላሞቹ ተበትነው አፋቸውን ሣሩ ውስጥ ቀበሩ።  ዊልፍሪድ ተናፈጠ።

ከቡሮኗ ጭስ እየወጣ ነው። የሰፈሩ ሰው በፒካፕና በትራክተር ደርሶ፣ ቋሊማው ውጭ እሳት ላይ እየተንጫጫ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ቤት ውስጥ ተዘርግቷል። አጎቴ ፊርመን የታሰረ ክንዱን ደረቱ ላይ አድርጎ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ጊየም የመዳቡን ድስት ጥዶ ድንቹን ደቁሶ ጨርሷል።

«ቀድሞ የመጣ ይጀምር» አለ አጎቴ።

ጊየም እጅጌውን ጠቀለለ። ቶሙን ከበረዶው ሳጥን አወጣው፤ እንደ ሳሙና ነጭ፣ እንደ ሳሙና ደረቅ። እየቆረጠ ጨመረ፣ ማማሰያውን ጨበጠ፣ ያዞር ጀመር። አዟዟሩ ያምራል፤ አያምርም አልልም። አይቡ ግን አልሰማውም። ጭብጥ ጭብጥ ሆኖ ድንቹ ላይ ዋኘ። ጊየም ፈጠነ፤ ቅቤው ተለይቶ ወጣ። ማማሰያውን አነሳው፤ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«እሳቱ ነው» አለ ጊየም። ግንባሩ አብረቀረቀ። እሳቱ ተቀነሰ። «ድንቹ ውሃ አለው።» ድንቹን የሚወቅስ ሰው ድሮም አልቆለታል። በመጨረሻ ማማሰያውን አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ጫማ ጫማውን አየ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ተራሽ ነው» አለኝ።

ሌላ ድስት ድንች መጣ። ጨርቁን ፈታሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ አክስቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ሞቷል» አለ ጊየም። ሊያሾፍ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ከልቡ የተጨነቀ ነበር። «ሰው ልትገድል ነው እንዴ?»

አጎቴ ፊርመን በግራ እጁ ቢላውን አውጥቶ ከፈተ። ከአይቡ ቀጭን ቆርጦ ምላሱ ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ።  እያላመጠ ቆየ፤ ዋጠ፤ ቢላውን አጠፈ።

«እሳቱን ጨምሩላት» አለ።

አይቡን ቆራርጬ ጨመርኩ። ማማሰያውን ይዤ በቀኝ በኩል ማዞር ጀመርኩ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ያለ ማቋረጥ፤ አሊጎ ወደ ኋላ ከተመለሰ ክሩ ይበጠሳል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ድንቹ ከበደ። ከዚያ ማማሰያውን ከውስጥ የሆነ ሰው የያዘብኝ መሰለኝ። ትከሻዬ ነደደ፤ ሦስት ቀን ያዘለ ትከሻ ነው። ድስቱ ከነመቀመጫው ይዞር ጀመር፤ እኔ ስስበው እሱም አብሮኝ ይመጣል።

«ይወድቃል» አለ ዊልፍሪድ ከበሩ።

ማቆም አልችልም፤ ድስቱን መያዝም አልችልም። ያኔ ሁለት ትልልቅ እጆች ጨርቅ ጠቅልለው ድስቱን ከሁለት ጆሮው ያዙት። ቀና አልኩ። ጊየም ነው። ፊቱ በእሳቱ ቀልቷል።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለኝ። «አዙሪ። ከታች አንስተሽ። አዎ፣ እንደሱ። እንዳትመልሺው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ። አዙሪ።»

አዞርኩ። ክንዴ የእኔ መሆኑን ሲተው፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ድንገት አንድ ሆነ፤ ከጠርዙ ተላቀቀ፤ አበራ። ማማሰያውን አነሳሁት። ክሩ ተከተለኝ። ከደረቴ አለፈ፣ ከራሴ አለፈ፣ በርጩማ ላይ ቆምኩ፣ አሁንም አልተበጠሰም፤ ከድስቱ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ አንድ ሰፊ ነጭ መጋረጃ ሆኖ ተንጠለጠለ፣ የእሳቱ ብርሃንም በውስጡ አለፈ። በሩ ላይ ያሉት ጮኹ። ማዳም ኮስትሬል ከሁሉም በላይ ጮኹ፤ «እኔም ተሸክሜዋለሁ፣ ይመዝገብልኝ» እያሉ።

«ሳህን!» አለ አጎቴ። «አሊጎ ሰው አይጠብቅም፤ ሰው ነው የሚጠብቀው።»

ማንም አላስጠበቀውም። በቢላ እየተቆረጠ ሳህን ላይ ወረደ፣ ቋሊማው ከጎኑ ተቀመጠ፣ ለተወሰነ ጊዜ የተሰማው የላሞቹ ቃጭልና የሰው ማኘክ ብቻ ነበር። የጊየምን ድስትም ዊልፍሪድ እንደ ሾርባ በወይን ጠጅ አጥቦ ጨረሰው።

አጎቴ ፊርመን ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲጨርስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?» አልኩት። «አይቡ በእግር የሚወጣው?»

«አባቴ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻ እዚህ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እርጥብ ነበር፤ አይቡም እንደ ሕፃን ሞቆ ነበር።» ከንፈሩን ጠረገ። «በበረዶ የተኛ አይብ ምን ሊማር ይችላል?»

ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ረጅም፣ የዛገ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቁልፍ ነው። በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው፤ ከዚያ መልሶ በጣቱ ያዘው።

«ድስቱን ማን ያዘልሽ?»

ምላሴ ላይ ብዙ ነገር ነበረ። ዋጥኩት። «ጊየም ነው የያዘው» አልኩ።

ያን ጊዜ ጣቱን አነሳ። ቁልፉን ወሰድኩት፤ ሳልቆም ሮጬ ደጅ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት፣ ቆለፍኩት፣ ከፈትኩት፣ እንደገና ቆለፍኩት። ሰዎቹ ውስጥ ቀርተው በሩን ይደበድባሉ፤ ዊልፍሪድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የትራም ደወል በአፉ ይደውላል።

ጊየም ካቡ ላይ ተቀምጦ ሣር ያኝካል። ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌውን ወደ ታች አውርዶታል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ ለስንት ሰው ነው የምታበስዪው? ያን ሁሉ ድንች ማን ሊያወጣልሽ ነው? እሱንም ለቱሪስት ልታሸክሚ ነው?»

ቁልፉን አንገቴ ላይ አጠለቅሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ድንቹንማ አንተ ነህ በፒካፕህ የምታመጣው» አልኩት። «ድንች አገሩን ባያውቅም ግድ የለም።»